የናኪቩቦ ረግረግና የከተማ ነዋሪ አደራ

ከተማ ማለት የቤቶችና የመንገዶች ክምችት ብቻ አይደለም። ከተማ ማለት ብዙ ሰዎች አንዱን ውሃ የሚጠጡበት፥ አንዱን አየር የሚተነፍሱበት፥ የአንዱ ቤት ጥራጊ ለሌላው ቤት ጉዳት ወይም ደኅንነት የሚሆንበት የጋራ ማደሪያ ነው። በገጠር ያለ ሰው ጎረቤቱ ከሩቅ ስለ ሆነ የጥፋቱን ፍሬ ብዙ ጊዜ ብቻውን ይለቅማል፤ በከተማ ግን የአንድ ሰው ጥፋት በሺህ ሰው ደጃፍ ይደርሳል። ስለዚህ በከተማ ውስጥ የሚገኙት ወንዞች፥ ረግረጎች፥ ደኖችና ሜዳዎች የማንም የግል ሀብት ሳይሆኑ በሕዝብ ሁሉ ስም የሚጠበቁ አደራዎች ናቸው። አደራውን የሚበላው ሰው ሲገኝ ዕዳውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ በግልጥ ለማሳየት፥ በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የሚገኘው የናኪቩቦ ረግረግ ታሪክ መልካም ማስረጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የስፍራው አቀማመጥ

ካምፓላ በብዙ ኰረብታዎች ላይ የተሠራ ከተማ ነው። በኰረብታዎቹ መካከል ያሉት ሸለቆዎች ከጥንት ጀምሮ ረግረግ ነበሩ፤ ከኰረብታው የሚወርደውን የዝናም ውሃ ተቀብለው ቀስ በቀስ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያስተላልፉ ነበር። ከእነዚህ ሸለቆዎች ዋነኛው ናኪቩቦ ነው። የናኪቩቦ ቦይ ከከተማው መካከል ተነሥቶ፥ በትልቁ ገበያና በጦርነት መታሰቢያ ስም በተሰየመው ስታዲየም አጠገብ አልፎ፥ የፋብሪካውን ሰፈር አቋርጦ፥ ከቡጎሎቢ የፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣውን ውሃ ጨምሮ ወደ ረግረጉ ይገባል። ረግረጉም ወደ ፖርት ቤል በሚወስደው የባቡር ሐዲድ በላይኛውና በታችኛው ክፍል ተከፍሎ፥ ውሃውን በመርቺሰን ሰላጤ በኩል ወደ ሐይቁ ያስገባል።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት የረግረጉ ስፋት ከ5 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፥ ውሃው ወደ እርሱ የሚወርደው መሬት ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህም ማለት ከረግረጉ ስምንት እጅ ያህል የሚሰፋ የከተማ መሬት ዝናሙን፥ ጭቃውን፥ የገበያውን ጥራጊና የቤቱን እድፍ በዚያች ትንሽ ስፍራ ላይ ያፈስሳል ማለት ነው።

በዚህ አቀማመጥ ውስጥ አንድ ነገር በተለይ ሊታወቅ ይገባዋል። ካምፓላ የምትጠጣው ውሃ ብዙው የሚቀዳው ከዚያው ከመርቺሰን ሰላጤ፥ ጋባ ከተባለው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ረግረጉ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ስፍራ የሚርቀው በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ከተማው እድፉን የሚጥልበትና ውሃውን የሚቀዳበት ስፍራ አንድ ሰላጤ ሆኗል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ጠባቂ ሆኖ የሚቆመው ደግሞ የናኪቩቦ ረግረግ ነው።

ረግረጉ የሚሠራው ሥራ

ብዙ ሰዎች ረግረግ ሲባል የትንኝ ማደሪያና የማይረባ መሬት ይመስላቸዋል። በቀድሞ ዘመን የነበሩት የከተማ አስተዳዳሪዎችም በየአገሩ ረግረግን ማድረቅ የሥልጣኔ ምልክት አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ነገር ግን ነገሩ በጥንቃቄ ሲመረመር ረግረግ ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

በናኪቩቦ የሚበቅለው ዋናው ተክል በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ነው። ደንገል ሥሩን ከሥሩ እያጠላለፈ በውሃው ላይ እንደ ምንጣፍ ተንጣልሎ ይኖራል። የቆሸሸው ውሃ በዚህ ምንጣፍ ሥር ቀስ ብሎ ሲያልፍ ሦስት ነገሮች ይደርሱበታል። በመጀመሪያ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ጭቃውና ደቃቁ እድፍ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሁለተኛ፥ በውሃው ውስጥ ያለውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የደንገሉ ሥር እየመጠጠ ለእድገቱ ያውለዋል፤ በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩ ረቂቃን ሕዋሳትም እድፉን ይበላሉ። ሦስተኛ፥ ውሃው በረግረጉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን አብዛኞቹ ሐይቁ ሳይደርሱ ይሞታሉ።

ፍራንክ ካንሲሜና ማይሙና ናሉቤጋ የተባሉ ሁለት የዩጋንዳ ሊቃውንት በ1999 ዓ.ም. ስለዚሁ ረግረግ ባወጡት ጥናት፥ ደንገል ያለበት ክፍል ውሃውን በማጥራት በኩል ሌላ ዐይነት ሣር ከበዛበት ክፍል እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ምክንያቱም የደንገሉ ሥር ወደ ውሃው ጠልቆ ከእድፉ ጋራ ስለሚገናኝ ነው። ስለዚህ ረግረግ ተብሎ ስሙ በካርታ ላይ መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ ተክሉና የውሃው አካሄድ እንደ ነበረ ካልተጠበቀ ስሙ ቀርቶ ሥራው ይጠፋል።

ከማጥራቱም ሌላ ረግረጉ የጎርፍ መያዣ ነው። በካምፓላ በዓመት ሁለት የዝናም ወራት አሉ፤ በእነዚያ ወራት ኃይለኛ ዝናም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከኰረብታው ሁሉ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ረግረጉ ያንን ውሃ እንደ ጥጥ ጠጥቶ ከቀን ወደ ቀን ቀስ እያደረገ ይለቀዋል። በረግረጉ ፈንታ ስሚንቶና ቆርቆሮ ሲተካ ግን ውሃው የሚሄድበትን ስለሚያጣ ወደ ሱቅና ወደ መኝታ ቤት ይገባል።

ሥራው በገንዘብ ሲገመት

ስለ ተፈጥሮ ሀብት በሚነሣ ክርክር ሁሉ፥ መሬቱን የሚፈልገው ሰው በእጁ የያዘው ትልቁ መሣሪያ የገንዘብ ሒሳብ ነው። «ይህ መሬት ባዶውን ተኝቷል፤ እኔ ግን ሥራ እሠራበታለሁ፤ ግብር እከፍልበታለሁ» ይላል። ለዚህ ዐይነቱ አነጋገር መልስ የሚሆን ሒሳብ በናኪቩቦ ተሠርቷል።

በ1999 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርና የዩጋንዳ ብሔራዊ የረግረግ መሬት ፕሮግራም አብረው ባወጡት ጥናት፥ ረግረጉ ፍሳሹን በማጣራት ለከተማው የሚያበረክተው አገልግሎት በዓመት ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.75 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር እንደሚገመት ተገለጠ። ይህንኑ ሥራ በማጣሪያ መሣሪያ ለመተካት ቢታሰብ እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ወጪ በያመቱ ያስፈልጋል። ረግረጉን በሚገባ ጠብቆ ሥራውን እንዲቀጥል ለማድረግ የሚያስፈልገው ወጪ ግን 235,000 ዶላር ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በጥናቱ ዘመን ከካምፓላ ነዋሪዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ከፍሳሽ መስመር ጋራ ያልተያያዙ ስለ ነበሩ፥ የእነርሱ እድፍ ሁሉ ሸክሙ በረግረጉ ላይ የወደቀ ነበር።

ከዚህ ሒሳብ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ባዶ መሬት የተባለው ባዶ አይደለም፤ ሥራው ስለማይታይና ደረሰኝ ስለማይቈረጥበት ብቻ ባዶ መሰለ። የመሬቱን ዋጋ የሚያሰላ ሹም የገዢውን ገንዘብ ብቻ ቈጥሮ፥ ከተማው የሚያጣውን አገልግሎት ሳይቈጥር ቢቀር፥ ግማሹን ሚዛን ብቻ አይቶ እንደ ሸጠ ነጋዴ ይሆናል።

ጥፋቱ እንዴት እንደሚጀምር

ረግረግ በአንድ ቀን አይጠፋም። አጥፊዎቹም ሁሉ አንድ ዐይነት ሰዎች አይደሉም፤ ፍርዱም እንደዚያው መለየት ይገባዋል።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚገኘው ድኻው ገበሬ ነው። በከተማው ዳር የሰፈሩ፥ ሌላ መሬት የሌላቸው ሰዎች ደንገሉን እየመነጠሩ በስፍራው ጎደሬና ሸንኮራ አገዳ ተክለዋል። ለእርሻው ውሃውን ለማራቅ ሲሉ ትንንሽ ቦዮች ይቈፍራሉ። ቦዩ ትንሽ ቢመስልም ጉዳቱ ትልቅ ነው፤ ቀድሞ በደንገሉ መካከል ተንጣልሎ ሲዘገይ የነበረው ውሃ አሁን በተቈፈረለት መንገድ ቀጥ ብሎ ሳይጠራ ወደ ሐይቁ ይሮጣል። በዚያ ላይ ጎደሬው ራሱ በቄራና በፋብሪካ ፍሳሽ ሲጠጣ ያደገ ስለ ሆነ ለተመጋቢው ሥጋት አለው።

በሁለተኛው ደረጃ የሚገኘው ባለጠጋው ነው። የእርሱ አመጣጥ በዝግታና በዘዴ ነው። በመጀመሪያ በሌሊት ጥቂት መኪና አፈር ይደፋል፤ የሚጠይቅ ሰው ካልተገኘ ይጨምራል። ቀጥሎ አጥር ያጥራል፤ ከአጥሩ ውስጥ መጋዘን ይሠራል። መሬቱ ከደረቀ በኋላ «ይህ ስፍራ ረግረግ አይደለም፤ ሄዳችሁ እዩት» እያለ የባለቤትነት ካርታ ይጠይቃል። በራሱ እጅ ያደረቀውን መሬት ደረቅ ስለ መሆኑ ምስክር አድርጎ ያቀርበዋል ማለት ነው።

በሦስተኛው ደረጃ የሚገኘው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ያለ እርሱ ፊርማ ካርታ አይወጣም፤ ያለ እርሱ ዝምታም አፈሩ አይደፋም። ጉቦ የተቀበለው በግልጥ ጥፋተኛ ነው፤ ነገር ግን ጉቦ ሳይቀበል «የኔ ክፍል ሥራ አይደለም» ብሎ ደብዳቤውን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚያሳልፈውም ጉዳቱን እኩል ያደርሳል።

በአራተኛው ደረጃ የሚገኘው ማንም የማይጠረጥረው ተራው ነዋሪ ነው። ዝናም በመጣ ቍጥር የቤቱን ጥራጊ፥ የላስቲክ ከረጢቱንና ጠርሙሱን ወደ ቦዩ የሚጥለው እርሱ ነው። ቦዩ በላስቲክ ሲደፈን ጎርፉ ተመልሶ ወደ ገበያው ይገባል። የቆሻሻ አያያዝ ጉዳይ የቀልድ ነገር እንዳልሆነ ካምፓላ በ10 ኦገስት 2024 ዓ.ም. በከባድ ሐዘን ተምራለች፤ በዚያ ቀን ኪቴዚ በተባለው ስፍራ የከተማው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል።

ዕዳውን የሚከፍሉት

ከረግረጉ የሚገኘው ትርፍ በጥቂት ሰዎች እጅ ሲገባ ኪሣራው ለብዙዎች ይከፋፈላል። ይህ የራስ ወዳድነት ሁሉ ጠባይ ነው። ኪሣራው ለእያንዳንዱ ሰው ሲደርስ ትንሽ ስለሚመስል ብዙው ሕዝብ ዝም ይላል፤ ትርፉ ግን ለአንድ ሰው ትልቅ ስለ ሆነ እርሱ ሌት ተቀን ይሮጥለታል።

ከከፋዮቹ መካከል በመጀመሪያ የሚቈጠሩት በናሙዎንጎና በመሰሉት ዝቅተኛ ሰፈሮች፥ በቦዩና በሐዲዱ ዳር የሚኖሩት ድኾች ናቸው። ጎርፍ ሲመጣ ፊት የሚገባው በእነርሱ ቤት ነው። ከ1997 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናም በዘነመ ጊዜ በካምፓላ የኮሌራ በሽታ ተነሥቶ በይበልጥ የጎዳው እንደነዚህ ያሉትን ሰፈሮች ነበር።

ሁለተኞቹ ውሃ የሚጠጡት የከተማው ነዋሪዎች በሙሉ ናቸው። የሰላጤው ውሃ እየቆሸሸ በሄደ መጠን ጋባ ላይ ለማጣራት የሚያስፈልገው መድኃኒትና ድካም ጨምሯል። በመጨረሻም ከተማው ውሃውን ከንጹሕ ስፍራ ለመቅዳት ሲል ከካምፓላ በስተምሥራቅ ርቆ በሚገኘው በካቶሲ አዲስ የማጣሪያ ጣቢያ ማሠራት ግድ ሆኖበታል። በቡጎሎቢም በብዙ ገንዘብ አዲስ የፍሳሽ ማጣሪያ ተሠርቷል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ረግረጉ በነጻ ይሠራው ከነበረው ሥራ ከፊሉ ዛሬ በብድርና በግብር የሚሠራ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ረግረጉን ሸጠው የበሉት ሰዎች ያንን ብድር አይከፍሉም።

ሦስተኞቹ ከከተማው ውጭ ያሉት ናቸው። የቪክቶሪያ ሐይቅ የዩጋንዳ፥ የኬንያና የታንዛኒያ የጋራ ሀብት ነው፤ ከእርሱም ነጭ ዓባይ ይነሣል። በሐይቁ ውስጥ የሚገባው ፎስፎረስና ናይትሮጅን አልጌንና እምቦጭን ይመግባል። በ1990ዎቹ ዓመታት እምቦጭ በሐይቁ ላይ ተስፋፍቶ ወደቦችን እስከ መዝጋትና የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ እስከ ማገድ መድረሱ ይታወሳል።

የሕጉ ቃል

በዩጋንዳ ረግረግ የጠፋው ሕግ ስለ ሌለ አይደለም። አገሪቱ ስለ ረግረግ መሬት ጥበቃ የተደረገውን የራምሳርን ስምምነት በ1988 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ በ1995 ዓ.ም. የረግረግ መሬት ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥታለች፤ በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አቋቁማለች፤ በኖቬምበር 2005 ዓ.ም. የራምሳር ስምምነት አባል አገሮች ዘጠነኛ ጉባኤ በዚያችው በካምፓላ ተደርጓል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዩጋንዳ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 237 ሐይቆችን፥ ወንዞችን፥ ረግረጎችንና የተከለሉ ደኖችን መንግሥትና የአካባቢ አስተዳደር ለሕዝብ በአደራ ይዘው እንዲጠብቁ ያዝዛል። አደራ የሚለው ቃል ከባድ ትርጕም አለው። አደራ ተቀባይ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ የሌላ ሰው ላም እንዲጠብቅ የተሰጠው ሰው ላሚቱን ሊሸጣት እንደማይችል ሁሉ፥ ሹምም ረግረጉን ቈርሶ ሊሰጥ አይችልም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ሕግም ይህንኑ አጽንቶ፥ መንግሥት እንዲህ ያለውን ሀብት በኪራይም ሆነ በሌላ መንገድ አሳልፎ እንዳይሰጥ ከልክሏል።

ሕገ መንግሥቱ ግን ግዴታውን በመንግሥት ላይ ብቻ አልጣለም። በአንቀጽ 39 ለእያንዳንዱ ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ሲሰጥ፥ በአንቀጽ 17 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መፍጠርና መጠበቅ የእያንዳንዱ ዜጋ ግዴታ መሆኑን ይናገራል። መብቱና ግዴታው እንደ በሬ ጥንድ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው፤ አንደኛው ብቻውን አያርስም።

ይህ ሁሉ ሕግ እያለ ከ1995 ዓ.ም. በኋላ በረግረግ መሬት ላይ ብዙ ካርታዎች ወጥተዋል። በ2014 ዓ.ም. የዩጋንዳ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከ1995 ወዲህ በረግረግ ላይ የተሰጡት ካርታዎች እንዲሠረዙ ወስኗል። ውሳኔው መልካም ነው፤ ነገር ግን የተሰጠን ካርታ መሠረዝ ካርታውን ከመከልከል እጅግ ይከብዳል። ፋብሪካ ተተክሎ፥ ብድር ተወስዶበት፥ ሠራተኛ ተቀጥሮበት ከቆየ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ብዙ ንጹሕ ሰው ይጎዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

የሕዝብ ድምፅና አካሄዱ

በ2025 ዓ.ም. አንድ የግል ባለሀብት የናኪቩቦን ቦይ በከተማው መካከል ከድኖ በላዩ ላይ ለንግድ የሚሆን ሥራ ለመሥራት ያቀረበው እቅድ በካምፓላ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። የደገፉት ሰዎች ቦዩ ክፍት ሆኖ የቆሻሻ መጣያና የወንጀለኛ መደበቂያ ከሚሆን ተከድኖ ቢያምር ይሻላል አሉ። የተቃወሙት ደግሞ የከተማው ዋና የጎርፍ መውጫ ለአንድ ሰው ጥቅም ተላልፎ እንዳይሰጥ፥ ሲደፈንም የሚጠረግበት መንገድ እንዳይጠፋ ሠጉ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር መጨረሻ ከባድ ዝናም ዘንሞ ጎርፉ በቦዩ አጠገብ ወዳሉት ሱቆች ሲገባ፥ ክርክሩ ከወረቀት ወጥቶ የነጋዴው ዕቃ ጉዳይ ሆነ።

በእንዲህ ያለ ነገር የከተማ ሕዝብ ሊጠይቃቸው የሚገቡት ጥያቄዎች አራት ናቸው። በመጀመሪያ፥ እቅዱን መሐንዲሶች በከባድ ዝናም ሒሳብ መርምረውታል ወይ? ሁለተኛ፥ ውሉ ለሕዝብ ተገልጧል ወይ? ሦስተኛ፥ ትርፉ የማን ነው? አራተኛ፥ ነገሩ ቢበላሽ ኪሣራው የማን ነው? የመጨረሻዎቹ የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አንድ ሰው ካልሆነ፥ ማለትም ትርፉ የአንዱ፥ ኪሣራው የሌላው ከሆነ፥ እቅዱ ምንም ያህል ቢያምር መጠርጠር ይገባዋል።

ሕዝብ ድምፁን ሲያሰማ ፍሬ እንደሚያገኝ የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ በዚያው አገር አለ። ከካምፓላ በስተምሥራቅ የሚገኘው የማቢራ ደን ሩብ ያህሉ፥ ማለት 7,100 ሔክታር ገደማ፥ ለሸንኮራ አገዳ ተክል እንዲሰጥ በ2007 ዓ.ም. ሐሳብ በቀረበ ጊዜ፥ የሃይማኖት አባቶች፥ የምክር ቤት አባሎች፥ ተማሪዎችና ነጋዴዎች ተቃወሙ፤ እቅዱም በዚያ ዓመት ተተወ። ነገር ግን በ12 ኤፕሪል 2007 ዓ.ም. በካምፓላ የተደረገው ሰልፍ ወደ ሁከት ተለውጦ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ከሞቱትም አንዱ በትውልዱ ብቻ የተጠቃ ሕንዳዊ ነበር። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ የተባበረ ሕዝብ ደኑን ሊያድን መቻሉ ነው። ሁለተኛው፥ ለደን ተብሎ የተነሣ ቍጣ ልጓም ካላገኘ ነገሩ የማይመለከተውን ሰው እንደሚበላ ነው። አካባቢን መጠበቅ በአቤቱታ፥ በፍርድ ቤት፥ በጋዜጣና በምክር ቤት የሚሠራ የሰላም ሥራ ሲሆን ብቻ ለዘለቄታው ይጸናል።

ለኢትዮጵያ ከተሞች የሚሆን ትምህርት

ናኪቩቦ ከኢትዮጵያ ሩቅ ቢመስልም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የሐረር ከተማ ለብዙ ዘመን ውሃዋን የምትቀዳው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ሁሉ ለጫቱና ለአትክልቱ ውሃውን ያለ ልክ ሲስብ፥ ከተራቈተውም ኰረብታ አፈር እየታጠበ ሲገባ፥ ሐይቁ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፈጽሞ ደረቀ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከሩቅ በቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች። ከዚያ ወዲህ ውሃ በከፊል ተመልሶ መታየቱ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ተመልሶ መድረቁም የሚቀረው በዙሪያው ያለው ሕዝብ ልክን ሲያውቅ ብቻ ነው።

በጣና ሐይቅ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ በሰሜናዊው ዳርቻ ታይቶ ተስፋፍቷል። ገበሬው ሁሉ ወጥቶ በእጁ ሲነቅለው መታየቱ ሕዝቡ ሐይቁን ምን ያህል እንደሚወድ ያስረዳል። ቢሆንም እምቦጭን የሚመግበው ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው እድፍ ስለ ሆነ፥ በዳርቻው ያለው ደንገል እየተመነጠረ ወደ እርሻ ሲለወጥ እድፉን የሚይዘው ወንፊት ይጠፋል። ካምፓላ በደንገሏ ላይ ያደረሰችውን ጥፋት ባሕር ዳር አይታ ልትጠነቀቅ ይገባታል። በአዲስ አበባም የአቃቂ ወንዞች ከየቤቱና ከየፋብሪካው የሚጣለውን እድፍ ተሸክመው ወደ ታች ሲወርዱ፥ በዚያው ውሃ አትክልት የሚያጠጣው ገበሬ ሰብሉን መልሶ ለከተማው ገበያ ያቀርባል። የከተማው ሰው በጠዋት የጣለውን እድፍ ማታ በሰላጣው ላይ ይበላዋል ማለት ነው።

በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም እንደ ዩጋንዳው ሁሉ፥ በአንቀጽ 44 ሰዎች ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው፥ በአንቀጽ 92 ደግሞ መንግሥትና ዜጎች አካባቢያቸውን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል።

የሹማምንትና የነዋሪዎች ድርሻ

ከዚህ በላይ ከተነገረው ታሪክ የሚገኘውን ምክር በአጭሩ ማስቀመጥ ይቻላል።

የከተማ ሹም በመጀመሪያ የረግረጉንና የወንዙን ወሰን በድንጋይና በዛፍ አስከልሎ ለሕዝብ ያሳውቅ፤ ወሰኑ ያልታወቀ መሬት ጠባቂ የለውም። ሁለተኛ፥ በወሰኑ ውስጥ የሚቀርብለትን የይዞታ ጥያቄ ሁሉ የጠያቂውን ማንነት ሳያይ ይመልስ፤ ድኻውን ከጎደሬ እርሻው አስነሥቶ ለባለጠጋው መጋዘን መፍቀድ ሕግ ማስከበር ሳይሆን ሕግን መሸጥ ነው። ሦስተኛ፥ ከረግረጉ ለሚነሣው ድኻ ሌላ መተዳደሪያ ይፈልግለት፤ የተራበ ሰው በምክር ብቻ አይመለስም። አራተኛ፥ የቆሻሻ ማንሻ አገልግሎት በዝቅተኛ ሰፈሮችም በየጊዜው እንዲደርስ ያድርግ፤ መጣያ ያልተሰጠውን ሰው ለምን በቦይ ጣልህ ማለት ፍርድ አይሆንም።

ፋብሪካ ያለው ሰው ፍሳሹን በግቢው ውስጥ አጣርቶ ይልቀቅ። ለማጣራት የሚያወጣው ወጪ የሥራው ወጪ ነው እንጂ ለሕዝብ የሚሰጠው ምጽዋት አይደለም። ያንን ወጪ ሸሽቶ ያገኘው ትርፍ ከሌላ ሰው ኪስ የወጣ ገንዘብ ነው።

ነዋሪው ደግሞ ጥራጊውን በተወሰነለት ስፍራ ይጣል፤ በደጃፉ የሚያልፈውን ቦይ ከጎረቤቶቹ ጋራ ሆኖ ዝናም ሳይመጣ ይጥረግ። በሌሊት አፈር የሚደፋ መኪና ባየ ጊዜ በማግሥቱ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክት፤ የማመልከቻውንም ግልባጭ ይያዝ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያመለክት ጠላት ያፈራ ይሆናል፤ የሰፈሩ ሰው በአንድነት ሲፈርም ግን የሚበቀለው አይገኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ።

አህያዪቱ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። ረግረጉን አድርቆ፥ ካርታውን ሸጦ፥ ገንዘቡን ይዞ ወደ ኰረብታው ላይ የሚወጣ ሰው አነጋገር ይኸው ነው። ነገር ግን በኰረብታው ላይ የተሠራው ቤት ቧንቧ ውሃውን የሚያገኘው ከታች ከሰላጤው ነው። በናኪቩቦ የሚያልፈውን ውሃ ያቆሸሸ ሰው ዞሮ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ስለ ሆነ፥ የጋራውን ሀብት መጠበቅ ለሌላው የሚደረግ ቸርነት ብቻ ሳይሆን ለራስና ለልጆች የሚሠራ ሥራ መሆኑን የከተማ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።